ገለልተኛው ባለሙያ ገና መኪና ሳይሳፈር

በአንድ የማዕድን ማውጫ አካባቢ ከብት ሞተ፣ የወንዙ ቀለም ተለወጠ፣ ሕፃናት ታመሙ ተብሎ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ነገሩን የምታበርድ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትወጣለች፦ «ጉዳዩ በገለልተኛ ባለሙያዎች ተጠንቷል።» ሰሚው ልቡ ረገብ ይላል። እኔ እንጀራዬን የምበላው ከዚሁ የጥናት ሙያ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሯን በሰማሁ ቁጥር የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ውሉን ማን ፈረመ? የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው በምን ቅድመ ሁኔታ ነው? ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው ማን ነው? ከላብራቶሪ የመጣው ጥሬ ቁጥርስ በማን እጅ ይገኛል?

ከዚህ በታች ሹክ የምላችሁ ነገር በመድረክ የሚነገር አይደለም። እኛ ባለሙያዎች ምሳ ላይ፣ ወይም ከሳይት ስንመለስ መኪና ውስጥ የምናወራው ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ላውጣው፦ ገለልተኝነት የባለሙያው ጠባይ አይደለም። የተማሩ፣ ጨዋ፣ ጉቦ የማይነካቸው ሰዎች የደበዘዘ ሪፖርት ሲያወጡ አይቻለሁ። በድፍረት የማይታወቁ ሰዎች ደግሞ እቅጩን ጽፈው ሲወጡ አይቻለሁ። ጉዳዩ ያለቀው ባለሙያው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ፣ ውሉ የተፈረመ ዕለት ነው።

ውሉ ውስጥ ያለው ነገር

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው የሥራ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ እኛ «ቲኦአር» የምንለውን ማለት ነው። ሁለት ሦስት አማካሪ ድርጅቶች ዋጋ ያቀርባሉ፣ አንዱ ያሸንፋል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል። ጥቂቱ ሲፈረም፣ ጥቂቱ ረቂቅ ሲገባ፣ ቀሪው ደግሞ «የመጨረሻው ሪፖርት በአሠሪው ተቀባይነት ሲያገኝ» ይለቀቃል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ኪራይ፣ የላብራቶሪ ሂሳብ፣ የሠራተኞቹ አበልና ደመወዝ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ትርፉ ያለው በዚያ በመጨረሻው ክፍያ ውስጥ ነው። ማንም ደውሎ «ይህን ሰርዝ» ማለት አያስፈልገውም። ሪፖርቱ ተቀባይነት ሳያገኝ ሁለት ወር ቢቆይ፣ የአማካሪ ድርጅቱ ሒሳብ ሹም ራሱ መጥቶ «ምነው፣ ያቺን አንቀጽ ትንሽ ብታስተካክሏት?» ይላል።

ሁለተኛው ነገር ወሰኑ ነው። ጥናቱ የሚሸፍነው የፈቃድ ክልሉን ብቻ ነው ወይስ የማዕድኑ ዝቃጭ ከሚጠራቀምበት ግድብ በታች ያሉትን መንደሮችም? ናሙና የሚወሰደው በበጋ ብቻ ነው ወይስ ጎርፉ ዝቃጩን በሚያነሳበት በክረምትም? የሚለካው የትኛው ንጥረ ነገር ነው? አርሴኒክ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አርሴኒክ አይለካም፤ ያልተለካ ነገር ደግሞ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ አይገኝም። ሪፖርቱ «ከተመረመሩት መለኪያዎች ውስጥ ከገደብ ያለፈ አልተገኘም» ሲል አንድም ውሸት የለበትም።

ሦስተኛው ምስጢራዊነት ነው። የሪፖርቱም የመረጃውም ባለቤት አሠሪው እንደሆነ ውሉ ላይ ይሰፍራል። ባለሙያው ያየውን ለወረዳው የጤና ጣቢያ እንኳ መንገር አይችልም።

ይህን ሁሉ የአንድ አገር ወይም የአንድ ኩባንያ ተንኮል አድርጋችሁ አትዩት፤ በሌላው ዓለምም መደበኛው አሠራር ይኸው ነው። በእኛም ሕግ፣ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት፣ ጥናቱን የሚያስጠናው ፕሮጀክቱን ያቀረበው ባለሀብት ነው፤ መንግሥት ይመረምራል፣ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል። ሐሳቡ ክፋት የለውም፤ ያቆሸሸ ይክፈል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የያኔው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግምገማ ሥልጣኑን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሲሰጥ፣ የማዕድን ጥናቶችን የመመርመሩ ሥራ ወደ ማዕድን ሚኒስቴር ሄደ። በየዓመቱ «ስንት ኪሎ ወርቅ ወጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው ቤት፣ «ወርቁ ሲወጣ ወንዙ ምን ሆነ?» የሚለውንም እንዲመልስ ተደረገ። ከፋዩ አጥኚውን መረጠ፣ ገምጋሚው የምርት ዕቅድ ተሸከመ፤ በመሀል የቆመው ባለሙያ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን የሚደገፍበት ግድግዳ የለውም።

ሳይት ላይ

ጉብኝት በድንገት አይሆንም። የመግቢያ ፈቃድ፣ የጥበቃ ማረጋገጫ፣ ማደሪያ፣ የደኅንነት ገለጻ አለ፤ ስለዚህ የምንመጣበት ቀን ከሳምንታት በፊት ይታወቃል። ስንደርስ ሁሉ ነገር ያምራል። የኬሚካል መጋዘኑ በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ምልክቱ ገና ከፕላስቲኩ የወጣ ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ዙሪያ የተሠራው ግንብ ተጠርጎ ያበራል።

በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ዓይኑን ከቀለሙ ላይ ያነሳል። የዝቃጭ ግድቡ ዳር ሄዶ የውስጠኛውን ግድግዳ ያያል፤ ውሃው ቀደም ሲል የደረሰበት ከፍታ ላይ ነጭ የጨው ጠርዝ ትቶ ይሄዳል፤ ያን ጠርዝ በአንድ ቀን ፍቆ የሚያጠፋው የለም። ከግድቡ በታች ሣሩ በበጋ አለመጠን አረንጓዴ ከሆነ፣ ውሃ ከሥር እየሰረገ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ቆሞ ይመለከታል። የሞቱ ወፎች የሚመዘገቡበትን መዝገብ ይጠይቃል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ከሆነ፣ ወይ የዝቃጩ ኩሬ ንጹሕ ነው፣ ወይ ዳሩን የሚዞር ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ የማምነው የየዕለቱን መዝገብ ነው። አንድ ቦታ የፍሳሽ መለኪያውን ደብተር ገለጥኩ። የወሩ የአሲድነት ልክ በሙሉ 7.2፣ 7.2፣ 7.3፣ 7.2 ነው። ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥም። ያስገረመኝ እስክሪብቶው ነበር። ሦስት ፈረቃ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ወሩ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ተሞልቷል። የእውነተኛ የሳይት መዝገብ ይጨማደዳል፣ ጭቃ ይነካዋል፣ ስርዝ ድልዝ ይበዛበታል፣ አንዳንዴም «መለኪያው ተበላሽቷል» የሚል ማስታወሻ ይገኝበታል። የእኔን ሙያ የሚያውቅ ሰው ንጹሕ ደብተር ሲያይ ይጠረጥራል።

የዚያን ዕለት ማታ የሳይቱ የአካባቢ ጥበቃ ኦፊሰር፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ፣ ካፍቴሪያው ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ የደብተሩን ነገር እንዳዩት አውቄያለሁ» አለኝ።

«አንተ ነህ የሞላኸው?»

«መለኪያው ከተበላሸ ቆይቷል። ይገዛልኝ ብዬ ሦስቴ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ባዶ ሲሆን ደግሞ ለምን ባዶ ሆነ ይሉኛል።» ዝም ብሎ ቆየና «እርስዎ ከጻፉት ይገዛሉ። የእርስዎን ያነባሉ» አለ።

ይህን ከውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። የአንድ ሳይት እውነተኛ ችግር ዝርዝር በአብዛኛው ያለው በራሱ በሳይቱ ሠራተኞች ኪስ ውስጥ ነው። ከአለቃቸው ዘንድ ያልተሰማላቸውን ነገር በውጭ ሰው ብዕር ለማስጻፍ ይፈልጋሉ። ጎበዝ ኦዲተር ማለት ብዙ ጉድለት የሚያገኝ ብቻ ሳይሆን፣ እነዚህ ልጆች እንጀራቸው ሳይነካ የሚያወሩት ሰው ነው። ውሉ የሠራተኛን ምስጢር የሚጠብቅ አንቀጽ ከሌለው ግን፣ «ከሳይቱ ሠራተኞች እንደተረዳነው» ብሎ መጻፍ ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም።

ጠርሙሷ የምትሄድበት መንገድ

አሁን ወደ ናሙናው ልውሰዳችሁ፤ የሪፖርት ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

የወርቅ ፋብሪካ ውሃ ናሙና አንድ ጠርሙስ አይደለም። ወርቁን ለመለየት ለሚያገለግለው ሳያናይድ ምርመራ የሚወሰደው ውሃ ወዲያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት የአሲድነት ልኩ ከ12 በላይ ይደረጋል፤ ከብርሃን ተከልሎ በበረዶ ሳጥን ይቀመጣል፤ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ለብረታ ብረት የሚወሰደው በተቃራኒው ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። በውሃው የሟሟው ብረት የሚፈለግ ከሆነ ከአሲዱ በፊት እዚያው ወንዝ ዳር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ሜርኩሪ ከ28 ቀን በላይ አይቆይም።

እንግዲህ አስቡት። የሳያናይዱ ጠርሙስ ያለ መጠበቂያ ኬሚካል በግልጽ ፕላስቲክ ተሞልቶ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቢሰነብት፣ ሳያናይዱ ይበታተናል። አዲስ አበባ ሲደርስ ላብራቶሪው በሐቅ ይመረምራል፣ በሐቅ «አልተገኘም» ይላል። አንድም ሰው ሳይዋሽ ንጹሕ ውሃ ተገኘ። ለዚህ ነው ሪፖርት ሲሰጠኝ ማጠቃለያውን ትቼ የናሙና ርክክብ ቅጹን የምፈልገው፤ በስንት ሰዓት ተወሰደ፣ ማን ተረከበ፣ ላብራቶሪው ሲደርስ የሳጥኑ ሙቀት ስንት ነበር የሚለውን። ቅጹ ከአባሪው ውስጥ ከሌለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰንጠረዥ ሁሉ ጌጥ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ርካሽና አስተማማኝ። አንዱን ናሙና ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ላብራቶሪ መላክ፣ ከመካከላቸውም ንጹሕ መሆኑ የሚታወቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ሳይነግሩ መጨመር። ንጹሑ ውሃ ውስጥ አርሴኒክ «ከተገኘ» የላብራቶሪው ነገር ታወቀ ማለት ነው። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ ሳይት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ወጪ ይቀነስ ሲባል ከሥራ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚሰረዘው ይኸው ነው።

የረቂቁ ጉዞ

ከሳይት ከመነሳታችን በፊት የመዝጊያ ስብሰባ አለ። ያገኘነውን በደረጃ ከፍለን እናቀርባለን፦ ከባድ ጉድለት፣ ቀላል ጉድለት፣ ምልከታ። ከባድ ጉድለት ለቦርድና ለባንክ ይደርሳል፤ የሥራ አስኪያጁ ጉርሻም ከዚያ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ምልከታ ግን የማንንም እንቅልፍ አይነሳም። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ «አለ ወይስ የለም» በሚለው ላይ ሳይሆን «የትኛው ደረጃ ነው» በሚለው ላይ ነው። «ኢንጂነር፣ ልክ ነህ፣ አለ፤ ግን ዕቅድ ይዘንበታል፤ ምልከታ ብናደርገው አይሻልም?» ይባላል፣ በትህትና፣ በቡና መሀል።

ከዚያ ረቂቁ ይሄዳል፤ አስተያየት በኤክሴል ተሞልቶ ይመለሳል። የቴክኒክ አስተያየቱ ብዙ ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ የተሳሳትነውን ያርማል። የሕግ ክፍሉ አስተያየት ደግሞ ሌላ ነው። «ተበክሏል» የሚለው «ከፍ ያለ መጠን ታይቷል» ይሆናል። «ከግድቡ የሚሰርግ ውሃ» የሚለው «ምንጩ ተጨማሪ ጥናት የሚሻ እርጥበት» ይሆናል። እያንዳንዷ ለውጥ ለብቻዋ ስትታይ ምክንያታዊ ናት። ድምራቸው ግን እርጎ ላይ ውሃ እያከሉ ነጭነቱን ማስጠበቅ ነው።

አንድ ምስጢር እዚህ ላይ አለ፤ እውነቱ ከሪፖርት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል። ማጠቃለያው ላይ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አባሪው ላይ አይጨቃጨቁም፤ ረጅም ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ማንም አያነበውም። ስለዚህ ሕሊናው የሚወቅሰው ባለሙያ ማጠቃለያውን ያለዝብና ሰንጠረዡን ሳይነካ ያስቀምጠዋል። በመሆኑም ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ። ከሳይቱ በላይ ያለውን ወንዝና ከሳይቱ በታች ያለውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በማጠቃለያው «ወቅታዊ ልዩነት ታይቷል» የተባለው ሰልፌት፣ አባሪው ላይ በየወሩ ከታች በኩል ብቻ ከፍ ብሎ ብታገኙት፣ የወቅት ጉዳይ አይደለም።

ሲብስ ምን ይሆናል?

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ የመሰለው ካለ፣ ብራዚልን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 በብሩማዲንዮ አቅራቢያ የቫሌ ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። ዝቃጩ ከግድቡ ሥር የነበረውን የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ በምሳ ሰዓት ዋጠው፤ 270 ሰዎች አለቁ። ግድቡ ያልታየ፣ ያልተመረመረ አልነበረም። የጀርመኑ ቲዩቪ ዙድ የብራዚል ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የጸና ነው ብሎ ፈርሞለታል። ከአደጋው በኋላ የወጣው ሰነድ እንዳሳየው የተሰላው የደኅንነት ልክ 1.09 ነበር፤ ቀደም ሲል ባለሙያዎች የመከሩት 1.3 ነው። አቃቤ ሕጎች በ2020 በ16 ሰዎች ላይ ክስ ሲመሠርቱ፣ ከተከሳሾቹ 5ቱ የፈራሚው ድርጅት ሰዎች ነበሩ። በክሱ እንደተገለጸው ከዚያ በፊት ሌላ አማካሪ ድርጅት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም ነበር፤ ሥራው ወደሚፈርመው ዞረ።

ከዚህ ጋር የካናዳውን የማውንት ፖሊ ማዕድን አነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2014 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዝቃጭ ግድቡ ሲሰበር መንግሥት ከሁለት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋር ተስማምቶ ሦስት ባለሙያዎችን ሰየመ። ቡድኑ የተሾመው በኩባንያው አልነበረም። በወራት ውስጥ፣ በጥር 2015፣ ሪፖርቱን ከነመረጃው አወጣ፦ ከግድቡ መሠረት በታች ያለው ደካማ የሸክላ ንብርብር በንድፉ በአግባቡ አልታየም አለ። በዚያ አላበቃም፤ አሠራሩ ካልተለወጠ በክፍለ ሀገሩ በአሥር ዓመት በአማካይ ሁለት ግድብ ይሰበራል ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር «በአሠሪው ተቀባይነት ሲያገኝ» ከሚለው አንቀጽ ጋር አብሮ አይኖርም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ዓይነቱ ነፃነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከአደጋ በኋላ መሆኑ ነው። በሮማኒያ ባያ ማሬ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 መቶ ሺህ ሜትር ኩብ የሚያህል ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወደ ቲሳና ዳኑብ ወንዞች ካመለጠ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ የሳያናይድ አያያዝ ደንብ የመጣው። በደንቡ የገቡ ማዕድኖች በየሦስት ዓመቱ በውጭ ኦዲተር ይታያሉ፤ የኦዲቱ ማጠቃለያም ለሕዝብ ይወጣል። ጥሩ ነው፤ ግን በፈቃደኝነት ነው። ብሩማዲንዮም በነሐሴ 2020 የወጣውን ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ መስፈርት ወለደ፤ ቢሰበሩ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱ ግድቦች ገለልተኛ የገምጋሚዎች ቦርድ እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ነው። ቦርዱን የሚሾመውና የሚከፍለው ግን ያው ባለግድቡ ነው።

የሠራበት ቦታ

ገለልተኝነት ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳዩ ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱን ላንሳ።

በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች የኤካቲ አልማዝ ማዕድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ገለልተኛ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ተቋም ተመሠረተ። ገንዘቡን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ልብ በሉ፣ ከፋዩ አልተለወጠም። የተለወጠው ሿሚው ነው። ከሰባቱ የቦርድ አባላት አራቱን የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ሦስቱን ደግሞ መንግሥታቱና ኩባንያው በጋራ ይሰይማሉ። ተቋሙ ዓመታዊ ሪፖርቱን ለሕዝብ ያወጣል፤ ኩባንያውም ምክሩን የማይቀበል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። «አልተቀበልነውም» ማለት ይቻላል፤ ዝም ማለት ግን አይቻልም።

በአውስትራሊያ በካካዱ ብሔራዊ ፓርክ በተከበበው የሬንጀር ዩራኒየም ማዕድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ የመንግሥት ሳይንቲስት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ ቤት የኩባንያውን ሪፖርት አንብቦ አስተያየት በመስጠት አላበቃም፤ የራሱን ናሙና ወሰደ፣ የራሱን መለኪያ ማጌላ ወንዝ ውስጥ ተከለ። ከሁሉ የምወደው ቀንድ አውጣዎቹን ነው። የወንዙን ቀንድ አውጣዎች ከማዕድኑ በላይና በታች አስቀምጠው ስንት እንቁላል እንደጣሉ ይቆጥሩ ነበር። ቀንድ አውጣ አስተያየት አይቀበልም፣ የመጨረሻ ክፍያም አይጠብቅም። ማዕድኑ በጥር 2021 ማምረት ካቆመ በኋላም፣ መሬቱ ወደ ቀድሞ ይዞታው እየተመለሰ መሆኑን መከታተሉ ቀጥሏል።

ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ የአበዳሪው ዓይን። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመሩትን የኢኩዌተር መርሆዎች የተቀበሉ ባንኮች፣ ወይም የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንን መስፈርት የሚከተሉ አበዳሪዎች፣ ትልቅ ተጽዕኖ ባለው ፕሮጀክት ላይ ገለልተኛ የአካባቢና ማኅበራዊ ተቆጣጣሪ ይጠይቃሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሳይት ላይ የዚህን ሰው ያህል የሚፈራ የለም። እሱ «ከባድ ጉድለት» ካለ የሚቀጥለው የብድር ክፍል ሊዘገይ ይችላል። ተሰብሮ የከረመው መለኪያ ሁሉ እሱ ከመምጣቱ በፊት ይገዛል። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ እሱ የሚጠብቀው የባንኩን ገንዘብ እንጂ የመንደሩን ጉድጓድ አይደለም። ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ግድቡ ግን ይቀራል። በእኛም አገር እንደ ቱሉ ካፒ ያሉ በብድር የሚገነቡ የወርቅ ፕሮጀክቶች ሲመጡ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ የአበዳሪው ተቆጣጣሪ ሪፖርት ለአካባቢው ሕዝብ ይደርሳል ወይስ ባንኩ ሣጥን ውስጥ ይቀራል?

ይህ ግልጽነት ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ታሪክ ይበቃል። ነዋሪዎች የጤና አቤቱታ አሰምተው ከተቃወሙ በኋላ የማዕድኑ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ፤ ጥናቶች ተካሄዱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው እንዲቀጥል ተፈቀደ። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ባወጣው ጽሑፍ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ የጥናቶቹ ውጤት ለሕዝብ ይፋ አለመደረጉ ነው። ባለሙያ ነበረ፣ ናሙና ነበረ፣ ገንዘብ ወጥቷል። የውሃውን ልክ ማወቅ ያለበት ጠጪው ግን በወሬ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ኩባንያውም ይጎዳል፤ ጥናቱ ንጹሕ ነው ቢል እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ምን ይደረግ?

ሕጉ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ሕዝቡ እንዲመክርበት ይላል። አዋጅ 299/1995 የተጽዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ማንም ሰው አቤት ማለት፣ ብሎም ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችል ይፈቅዳል። በሙያችን ውስጥ ሆኜ ስታዘብ ግን፣ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም የአገር ሽማግሌ ቢሮ ገብቶ «ሪፖርቱን ስጡኝ» ሲል ያየሁት እምብዛም ነው፤ መብቱ እንዳለውም የነገረው የለም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ቀላል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር አስገቡ። የመጨረሻው ክፍያ ሪፖርቱ በመቅረቡ እንጂ በመወደዱ አይለቀቅ። ረቂቁ ለአሠሪውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ይላክ። የላብራቶሪው ውጤት በቀጥታ ለሁለቱም ይድረስ። የሕዝብ ጤናን የሚነካ ነገር ስታገኙ ለጤና ቢሮ የማሳወቅ መብታችሁ በምስጢራዊነት አንቀጹ ውስጥ ተለይቶ ይጻፍ።

«እምቢ ቢሉኝስ?» ትሉኛላችሁ። እምቢ በሉ እላለሁ፤ ከዚያ ሌላው ይፈርማል። ብራዚል የሆነው ይኸው ነው፤ አንዱ አልፈርምም ሲል ሌላው ፈረመ። ስለዚህ የአንድ ሰው ወኔ አይበቃም፤ እነዚህ አራት አንቀጾች ከባለሙያው ድርድር ወጥተው የማዕድን ፈቃዱ ግዴታ መሆን አለባቸው። ኩባንያው የቁጥጥሩን ወጪ በየዓመቱ በሦስተኛ ወገን በሚያዝ ሒሳብ ያስቀምጥ። ባለሙያውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና ከግድቡ በታች የሚኖረው ሕዝብ በጋራ ይምረጡት። ሪፖርቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ ከነአባሪው ይውጣ፤ በሕዝቡም ቋንቋ ይነበብ። ያኔ ደፋር ባለሙያ መፈለግ አያስፈልግም፤ እንደ እኔ ያለ ተራ ሰው፣ የቤት ኪራይ የሚያስበው፣ የመጨረሻ ክፍያ የሚጠብቀው፣ ያየውን ለመጻፍ ይበቃል።